በዝናብ ወራት ፈረስን አገር አቋራጭ ዝላይ ማለማመድ፤ መሬት አመራረጥና አሠራር በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ

ዝናብ ፈረስን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ዝናብ ያበላሸው መሬት ነው። ስለዚህ በበልግም ሆነ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ፈረሱን ሜዳ አውጥቶ ማዘለል የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት የሚረገጠውን መሬት ማወቅ አለበት። በዚህ ረገድ ድሬዳዋና ሐረር የታደሉ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ አንዱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሌላው ወደ 1,900 ሜትር ላይ ተቀምጠዋል። አሸዋው፣ ደለሉ፣ ቀይ አፈሩና መረሬው ሁሉ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይገኛሉ። አንደኛው ጋ ማጥ ሲሆን ሌላኛው ጋ ደህና መርገጫ አይጠፋም።

መመሪያው በሜዳ ላይ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በደንገላሳ (ከሶምሶማ በሚፈጥነው፣ ከሽምጥ በሚያንሰው ሩጫ) እሺ ብሎ ለሚታዘዝ፣ ሲያዝ ለሚቆም፣ ቢያንስ የ50 ሳንቲ ሜትር ግንድ በደረቅ መሬት ለዘለለ ፈረስ ነው። አራት ዓመት ያልሞላው ፈረስ ጋላቢ ተሸክሞ መዝለል የለበትም፤ በጭቃማ መሬት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ጋሪ ሲጎትት የዋለ ፈረስም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳያርፍ ለዝላይ አይወጣ።

መሬቱን ለዩ

ብዙ ሰው የሚፈራው ጥልቅ ጭቃን ነው። ጥልቅ ጭቃ በእርግጥ ጅማት ይስባል፣ የብረት ጫማ ይነቅላል። ፈረስ በጎኑ የሚወድቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መሬት ላይ ነው፦ ከሥሩ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ከላዩ አንድ ጣት የማይሞላ እርጥበት የያዘ መሬት። ከረጅም ድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት የሚገኘው እንዲህ ያለው ነው። ሰኮናው ወደ ውስጥ መግባት ስለማይችል በእርጥቡ ላይ ይንሸራተታል። በዚያን ዕለት ፈረሱን በእርምጃ አውጡት እንጂ አታዝልሉት። ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ከዘነበና ውሃው ወደ ውስጥ ከሰረገ በኋላ ያው መሬት የተሻለ መርገጫ ይሆናል።

በአካባቢው የሚያጋጥሙት የአፈር ዓይነቶች በዝናብ ላይ እንዲህ ይለያያሉ።

አሸዋማ አፈር ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል። ከድሬዳዋ የሚወርዱት ደረቅ ወንዞች ዳርና ከሐረር በስተ ምሥራቅ ባቢሌ አካባቢ ያለው ለውዝ የሚበቅልበት መሬት የዚህ ዓይነት ናቸው። ከባድ ዝናብ ማታ ቢጥል እንኳ ከፍ ያለው ክፍል በማግስቱ ረፋድ ላይ ሊያገለግል ይችላል።

ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ወደ ሽንሌ የሚዘረጋው ሜዳ ደለል የሚበዛበት ነው። ሲደርቅ ለሽምጥ የሚጋብዝ፣ ሲርስ ግን እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ መሬት ነው። ላዩ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ዓይን ያታልላል፤ ቅርፊቱን ረግጣችሁ ከሥር ለስላሳ ከሆነ አልደረሰም ማለት ነው። ሁለት ፀሐያማ ቀን ጠብቁ።

በሐረር ዙሪያ ተዳፋት ላይ ያለው ቀይ አፈር መካከለኛ ነው። ሣር የያዘው ክፍል ይሻላል፤ ሥሩ አፈሩን አንድ ላይ ይይዘዋልና። ከብት በየዕለቱ የሚመላለስበት መንገድ ግን ተጠቅጥቆ የጠነከረ ስለሆነ ያዳልጣል።

መረሬ፣ ማለትም በሐረማያ ዝቅተኛ ሜዳዎችና በሐይቁ ዳር ያለው ጥቁር አፈር፣ ክረምቱን በሙሉ ለዝላይ አይሆንም። ሰኮና ላይ እየተጋገረ ክብደት ይጨምራል፤ ሲጣበቅ ደግሞ እግር ይይዛል። ውሃው የሸሸበት የሐይቅ ዳር ላይ ላዩን ሣር ቢያበቅልም ከሥሩ ማጥ ሊሆን ስለሚችል ፈረስ ይዛችሁ አትግቡ።

መፈተሻው

ሳትጋልቡ በእግራችሁ ሂዱ። ቀላል ሙከራዎች ናቸው፣ በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት አይፈጁም።

1. ተረከዛችሁን አጥብቃችሁ መሬቱን ምቱ። ጨርሶ ካልሰረጎደ ጠንካራ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሰርጉዶ ቅርጹን ከያዘ ጥሩ ነው። ውሃ ወደ ጉድጓዱ ከተሰበሰበ መሬቱ ጠግቧል፤ የዚያን ቀን ተዉት።

2. አንድ እፍኝ አፈር ከ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አውጥታችሁ በመዳፋችሁ ጨምቁ። ስትለቁት የሚበተን ከሆነ አሸዋማ ነው። ድቡልቡል ሆኖ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ ተስማሚ ነው። እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ በጣቶቻችሁ መካከል የሚወጣ ከሆነ ሸክላ በዝቶበታል።

3. ፈረሱን በእጅ እየሳባችሁ አሳልፉትና ዱካውን ለኩ። ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዱካ ለዝላይ ይሆናል። እስከ 6 ወይም 7 የሚደርስ ለእርምጃና ለአጭር ሶምሶማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ተመለሱ። የዱካውን ጠርዝም ተመልከቱ፦ ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ የተቆረጠ ከሆነ ሰኮናው ይዟል፤ ወደ ፊት የተጎተተና የተላቀቀ ከሆነ ተንሸራትቷል።

4. መሰናክሉ የሚቆምበትን ቦታ ከመነሻው 6 ሜትር፣ ከማረፊያው 10 ሜትር ድረስ በረጅም እንጨት እየወጋችሁ ፈትሹ። እንጨቱ አንድ ቦታ ላይ በድንገት ጠልቆ ከገባ የተሸፈነ ጉድጓድ አለ።

ማረፊያው ከመነሻው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈረስ ሲያርፍ ክብደቱ ሁሉ ለቅጽበት በአንድ የፊት እግር ላይ ያርፋል፤ ያ እግር ከተያዘ ሰውነቱ መሄዱን ይቀጥላልና ጅማቱ ይጎዳል። መሬቱ ሁለት ዓይነት ከሆነ የተሻለውን ለማረፊያ አድርጉት።

ድሬዳዋ፦ ደረቅ ወንዞችና ደራሽ ጎርፍ

ደቻቱን የመሳሰሉ ወንዞች አብዛኛውን ዓመት አሸዋቸው ብቻ ይታያል። ሰፊ፣ ለስላሳና ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጋላቢ ያጓጓል። ሆኖም ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ውሃው የሚመጣው ከደቡብ፣ ከደንገጎ ዳገትና ከዚያ በላይ ካለው ደጋ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ስለዚህ የሚከተለው ሕግ ድርድር የለውም።

ወደ ወንዝ ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ደቡብ ተራራው ተመልከቱ። ደመናው ጠቁሮ ከተራራው ጋር ከተያያዘ፣ ወይም በዚያ በኩል መብረቅ ካለ፣ አትውረዱ። ደንገጎ ወይም ሐረማያ ያለ የምታውቁት ሰው ደውላችሁ «እዚያ እየዘነበ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል ልምምዱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ያልቅ፤ ይህ ለሙቀቱም ይበጃል። አንድ ሰው ዳር ላይ ከፍ ያለ ቦታ ቆሞ ላይኛውን በኩል ብቻ ይጠብቅ፣ ስልክ ይዞ ሌላ ሥራ አይሥራ። መውጫችሁን አስቀድማችሁ ለዩ፦ ግድግዳ በበዛበት፣ ፈረስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዳር ሊወጣ በማይችልበት ቦታ መሰናክል አታቁሙ። የቀጭን ውሃ ቀለም ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ሲመጣ ወይም ከላይ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ሲሰማ ዕቃውን ጥላችሁ ውጡ። አጠና ይገዛል።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከወንዙ አሸዋ እየተቆፈረ በመኪና ይጫናል። ጎርፍ እነዚህን ጉድጓዶች በላላ አሸዋ ሞልቶ ከአካባቢው ጋር እኩል ያደርጋቸዋል። ላዩ ደረቅና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፈረስ ሲረግጠው ግን እስከ ጉልበቱ ሊሰምጥ ይችላል። አሸዋ ጫኞቹ የት እንደቆፈሩ ያውቃሉና ጠይቋቸው፤ ያመለከቷችሁን ቦታ በድንጋይ ወይም በእንጨት አጥሩ። ከጎርፍ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን የወንዙን መሃል ትታችሁ፣ ዳር ዳሩን ከፍ ያለውን አሸዋ ተጠቀሙ። ጎርፉ ያመጣውን ጠርሙስ ስባሪ፣ ሽቦ፣ ቆርቆሮና የእሾህ ቅርንጫፍ ልቀሙ። የግራርና የፕሮሶፒስ (ወራሪው እሾሃማ ዛፍ) እሾህ የሰኮና ሥር ይበሳል፤ ተሰብሮ ከቀረ መግል ይቋጥራል።

ሕዝብ ልብስ በሚያጥብበት፣ ገበያ በሚቆምበትና ልጆች በሚጫወቱበት ክፍል ፈረስ አይጋለብም። ከከተማው ወጣ ብላችሁ ሂዱ።

ሐረር በኩል

በሐረር ዙሪያ ያለው ተዳፋት ለአገር አቋራጭ የሚሆን ተፈጥሯዊ ቅርጽ አለው፤ ግን አብዛኛው የታረሰ ነው። የጫት ማሳ፣ የማሽላና የበቆሎ እርሻ ጠርዝ ላይ ፈረስ አይሄድም። የድንጋይ እርከን ለመውጫና ለመውረጃ ዝላይ የሚያማልል ቢመስልም አይነካም፤ ገበሬው በእጁ የካበው ነው፣ በዝናብ ሰዓት አንድ ድንጋይ ከላላ አፈሩ ተከትሎ ይሄዳል። የሚፈለገው ያልታረሰ የጋራ ግጦሽ፣ ከእርሻ የተረፈ አሸዋማ ተረተርና ሰፊ የእግር መንገድ ነው። ወደ ባቢሌ በወጣችሁ ቁጥር አፈሩ ይላላል፣ ውሃውም ቶሎ ይጠፋል።

ፈቃድ የሚጠየቀው ፈረስ ሳይዙ፣ አንድ ቀን ቀድሞ ሄዶ ነው። ሽማግሌውን «ኦቦ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ጠይቁ፣ ከዚያ ጉዳዩን አቅርቡ። ስንት ፈረስ እንደምታመጡ፣ በየት እንደምታልፉ፣ ስንት ሰዓት እንደምትጨርሱና የተቆፈረውን ሣር እንደምትመልሱ በግልጽ ተናገሩ። ሣሩ ለከብት ተከልሎ የተጠበቀ መሆኑን ጠይቁ፤ በክረምት ብዙ ቦታ ይከለላልና። ቃል የገባችሁትን ፈጽሙ፦ ስትጨርሱ እያንዳንዱን የሰኮና ጉድጓድ ወደ ውስጥ እየረገጣችሁ ሙሉ። በሚቀጥለው ሳምንት በር የሚከፍትላችሁ ይህ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ፈረስ በአይሱዙ የምትጭኑ ከሆነ የመኪናው ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ አሸዋ አንጥፉ፤ ሸራ ወይም ባዶ ብረት ላይ ፈረስ ይንሸራተታል። ገመዱ በአንድ ጉተታ የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን። ደንገጎ በክረምት ጉም ስለሚውጠው በቀን ብቻ ጉዞ ይደረግ፣ ሾፌሩም ጠመዝማዛውን በዝግታ ይውጣ። ሲደርስ ውሃ ስጡትና ቢያንስ አንድ ሰዓት በእርምጃና በዕረፍት አሳልፉት።

መሰናክሉን ራስ መሥራት

የሚነሳና የሚቀመጥ መሰናክል ለክረምት ከቋሚው ይሻላል፤ መሬቱ ሲበላሽ እሱን ይዞ መሄድ ይቻላል። ለአንድ ሙሉ ልምምድ የሚበቃው ይህ ነው፦

– 10 የባሕር ዛፍ አጠና፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፤ ልጡ የተላጠና እሾህ የሌለው
– 20 ማዳበሪያ ከረጢት፣ እስከ ግማሹ አሸዋ የተሞላ
– 4 ባዶ በርሜል፣ የተቆረጠ ወይም የዛገ ጠርዝ የሌለው
– አካፋ፣ ዶማ፣ የ10 ሜትር መለኪያ፣ ቀይ ጨርቅና ነጭ ጨርቅ

አገር አቋራጭ ውስጥ መሰናክል ጠንካራና የማይወድቅ መሆኑ የተለመደ ነው። በእርጥብ መሬት ላይ ለሚለማመድ ፈረስ ግን ይህ አይሠራም። ፈረስ ተንሸራቶ በደረቱ ወይም በክንዱ ግንዱን ሲመታ ግንዱ ካልተንከባለለ እሱ ራሱ ይገለበጣል፤ ጋላቢውም ከሥር ይቀራል። ስለዚህ አጠናውን በሽቦ አትሰሩ፣ ሁለት ከረጢት ላይ ዝም ብላችሁ አስቀምጡት። በእጅ ሲገፋ መውደቅ አለበት። በርሜልን በጎኑ አስተኝታችሁ ከኋላ በኩል ብቻ ትንሽ አሸዋ ደግፉለት፣ ከፊቱ ደግሞ መሬት ላይ አንድ አጠና አጋድሙ፤ ፈረሱ ርቀቱን የሚገምተው በዚያ ነው።

ቁመቱ ፈረሱ በደረቅ ከሚዘልለው 20 ሳንቲ ሜትር ይቀንስ። 80 ለለመደው 60 በቂ ነው። ስፋቱ ከ3 ሜትር አይጥበብ፤ ጠባብ መሰናክል ላይ ፈረስ ወደ ጎን ሲያመልጥ ድንገተኛ መታጠፊያ ይፈጠራል፣ እርጥብ ላይ የሚያስወድቀው ይህ ነው። በቀኝ ቀይ፣ በግራ ነጭ ጨርቅ አድርጉ፤ በውድድር ላይም አሠራሩ እንዲሁ ነው።

ለጉድጓድ ዝላይ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ፣ በሁለቱም ጠርዝ ላይ አጠና አስገቡ፤ ጠርዙ ካልተያዘ በሁለተኛው ዝላይ ይናዳል። ማታ ውሃ ከሞላው አፍስሱት። ስትሄዱ ድፈኑት፤ ሰውም ከብትም ይገባበታል። ለመውጫና ለመውረጃ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ተፈጥሯዊ ጉብታ ፈልጉና ጠርዙን በአሸዋ ከረጢት ደግፉ።

መነሻውና ማረፊያው ቶሎ ይቆፈራል። ስምንት ዝላይ ከተዘለለ በኋላ መሰናክሉን 3 ሜትር ወደ ጎን አንሱት። ማንሳት ካልተቻለ የተቆፈረውን በወንዝ ሻካራ አሸዋ ሙሉና ጠቅጥቁ። ጭድ ወይም ገለባ አትበትኑ፤ እርጥብ ገለባ ከጭቃ ይብሳል፣ ሰኮናው ሥር ተጠቅልሎ ያንሸራትታል። ትልቅ ጠጠርም የሰኮና ሥር ያደማል።

በሁለት መሰናክሎች መካከል ያለውን ርቀት ከመጽሐፍ አትውሰዱ። ትልቅ የውጭ አገር ፈረስ በአንድ የደንገላሳ እርምጃ 3.6 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የአገራችን ፈረስ ቁመቱ አነስተኛ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ 3 ሜትር አካባቢ ነው። እርጥብ አሸዋ ለዚህ ሁነኛ መለኪያ ነው። ፈረሱን በተረጋጋ ደንገላሳ አስኪዱት፣ ከዚያ ውረዱና ከአንድ የፊት እግር ዱካ እስከዚያው እግር ቀጣይ ዱካ ድረስ ለኩ። አምስት ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። በመካከል አንድ እርምጃ እንዲኖር ከፈለጋችሁ በ2 አባዙት፤ ሁለት እርምጃ ከሆነ በ3። 3 ሜትር ለሚራመድ ፈረስ 6 ወይም 9 ሜትር ማለት ነው። መሬቱ ለስላሳ ሲሆን እርምጃው ስለሚያጥር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ።

ፈረሱንና ዕቃውን ማሰናዳት

ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንት ይከርከም። ያለ ብረት ጫማ የሚሄድ ፈረስ በአሸዋና በሣር ላይ ደህና ይይዛል። ጫማ ካለው ምስማሮቹን አንድ በአንድ ፈትሹ፤ የላላ ጫማ ጭቃ ላይ ይነቀላል፣ የሰኮናውን ግድግዳም ይዞ ይመጣል። የሚጠመዘዝ ጥርስ ያለው ጫማ ካላችሁ ከሥሩ ጠንካራ ለሆነ መሬት ትንሽና ሹል፣ ለለስላሳ መሬት ሰፊና ደልዳላ ጥርስ አድርጉ፤ ለልምምዱ ብቻ አስገብታችሁ ወዲያው አውጡት። ትልቅ ጥርስ እግሩን መሬት ላይ ቸንክሮ ይይዝና ጉዳቱ ወደ መገጣጠሚያው ይሄዳል።

የኮርቻው የሆድ ጠፍር በዝናብ ይለጠጣል፤ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ካሟሟቃችሁ በኋላና ከመጀመሪያው ሦስት ዝላይ በኋላ አጥብቁ። እርጥብ ዛብ ከእጅ ያመልጣል፦ ከአሮጌ ከመነዳሪ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጥብጣብ ቆርጣችሁ እጃችሁ የሚይዝበትን ክፍል ጠምጥሙ። አንገቱ ላይ የሚያዝ ጠፍር እሰሩ፤ ስትንሸራተቱ እሱን ያዙ እንጂ አፉን አትጎትቱ። እግሩ ላይ የጨርቅ ፋሻ አትጠምጥሙ፤ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል፣ ውስጡ የገባው አሸዋም ቆዳ ይልጣል። ጋላቢው ለፈረስ ግልቢያ የተሠራ ሄልሜት ያድርግ። የእርካቡ ስፋት ከጫማው በሁለቱም በኩል አንድ ጣት ያህል ይብለጥ፤ ጭቃ የያዘ ጫማ ጠባብ እርካብ ውስጥ ይቀረቀራል።

የዕለቱ ልምምድ

ብቻችሁን አትውጡ። አንድ ሰው መሬት ላይ ይሁን።

15 ደቂቃ በእርምጃ፣ ቀጥሎ 10 ደቂቃ በሶምሶማ፣ ከዚያ በሁለቱም አቅጣጫ ጥቂት ደንገላሳ። ክቡ ከ20 ሜትር አይጥበብ። በዚህ ጊዜ የኋላ እግሩን አረጋገጥ አስተውሉ፤ በመታጠፊያ ላይ ሁለት ጊዜ ካመለጠው መሬቱ የዛሬ አይደለም ማለት ነውና በእርምጃ ብቻ ጨርሱ።

ፍጥነታችሁን ለመወሰን 100 ሜትር ለክታችሁ በሁለቱም ጫፍ ከረጢት አስቀምጡ። በእርጥብ መሬት ከ17 እስከ 18 ሴኮንድ ይውሰድባችሁ፤ በደቂቃ ከ330 እስከ 350 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ያነሰ ሴኮንድ ከወሰደ ፈጥናችኋል።

በደረቅ 80 ለለመደ ፈረስ፣ መጀመሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ግንድ በሶምሶማ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ያንኑ በደንገላሳ። ቀጥሎ 50፣ ከተረጋጋ 60። አቀራረቡ ቀጥ ያለ ይሁን፣ ከተቻለም በትንሽ ዳገት ላይ፤ ቁልቁል መምጣት ክብደቱን ወደ ፊት እግሩ ይጥለዋል። መሰናክሉ ጋ ከመድረሳችሁ ከ10 ሜትር በፊት ማስተካከያውን ሁሉ ጨርሱ። በመጨረሻዎቹ ሦስት እርምጃዎች ዛቡን መሳብም ሆነ ፈረሱን መኮልኮል በእርጥብ መሬት ላይ ሚዛኑን ያሳጣዋል። እጃችሁን አላሉ፣ ዓይናችሁን ከመሰናክሉ በላይ አሻግሩ፣ ዳሌያችሁን ከኮርቻው ጥቂት አንሱ። ሲያርፍ ቀጥ ብላችሁ ቢያንስ አምስት እርምጃ ቀጥሉ፣ ከዚያ በሰፊው ታጠፉ።

ቦዩን መጀመሪያ በእርምጃ አሳዩት፣ ይሽተተው። ሌላ የለመደ ፈረስ ካለ ከፊት ይሂድ። ጉብታውን አስቀድማችሁ ወደ ላይ፣ ቆይታችሁ ወደ ታች አድርጉት፤ ስትወርዱ ዛቡን በጣቶቻችሁ መካከል እንዲረዝም ልቀቁለት።

ውሃ የመጨረሻው ነው። የሚፈስስና ንጹሕ፣ ወለሉ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር የሆነ መሻገሪያ ምረጡ። በዱላ እየወጋችሁ ራሳችሁ ተሻገሩት። ለልምምድ 20 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው፤ በዓለም አቀፍ ውድድር እንኳ ከ35 አይበልጥም። በእርምጃ ግቡ፣ ቁሙ፣ ውጡ፤ ደግማችሁ በሶምሶማ። ደንገላሳ ለዚህ ወቅት አያስፈልግም፤ ውሃው እግሩን ይይዘዋልና። ከቆመ ኩሬ ፈረሱ እንዳይጠጣ፤ አልቅት በአፍንጫውና በጉሮሮው ይጣበቃል።

በጠቅላላው ከ25 ዝላይ አትለፉ፣ ለስላሳ መሬት ላይ ደግሞ ከ15። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ማግስቱ በእርምጃ ወይም በዕረፍት። የነጎድጓድ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ውረዱ፣ ከብቸኛ ዛፍና ከከፍታ ራቁ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

የሚበላሸው ነገርና ምክንያቱ

እምቢ ካለ፦ ጅራፍ ከማንሳታችሁ በፊት ወርዳችሁ መነሻውን እዩ። በእርጥብ መሬት እምቢ የሚል ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ እግሩ የሚይዝ መሬት አጥቶ ነው። መሰናክሉን አንሱ፣ ቁመቱን አውርዱ፣ ደግሞ ካለፈ አመስግኑትና እዚያው አቁሙ።

ግንዱን በፊት እግሩ ከመታ፦ አንድ ጊዜ ከሆነ ተጠግቶ ነው፤ በተከታታይ ከሆነ ደክሟል። ለስላሳ መሬት ከደረቁ በጣም ይበልጥ ያደክማል። ጨርሱ።

የኋላ እግሩ የፊቱን ተረከዝ ከመታ፦ የፊቱ እግር በጭቃ ተይዞ ዘግይቶ ስለሚነሳ ነው። ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም አረጋግጡ።

ካነከሰ፦ ወዲያው ውረዱ፣ ሰኮናውን ጥረጉ፣ ድንጋይ ወይም እሾህ ፈልጉ። ምንም ካልተገኘ ከጉልበት በታች ያለውን ጅማት በጣት ተከተሉ፤ ከሌላኛው እግር ይልቅ የሚሞቅ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበትና በእጅ እየሳባችሁ ውሰዱት። የተጎዳ ጅማት ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል፤ አይታሽ።

ሲመለስ

ድሬዳዋ ላይ ዝናብና ሙቀት አብረው ስለሚመጡ ፈረሱ ላቡ አይደርቅለትም። ቀዝቃዛ ውሃ በአንገቱ፣ በደረቱና በእግሮቹ መካከል ደጋግማችሁ አፍስሱ፣ በእርምጃ አስኪዱት። በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው። ከልምምድ 15 ደቂቃ በኋላ ከ60 በላይ ከቆየ ልምምዱ በዝቶበታል።

እግሩን ከጭቃ እጠቡና በደንብ አድርቁ፣ በተለይ ከተረከዙ በላይ ያለውን እጥፋት። እርጥብ ጭቃን በብሩሽ መፋቅ ቆዳውን ይልጥና ለጭቃ ቁስል በር ይከፍታል። ቅርፊት ካያችሁ በተበረዘ አዮዲን አለስልሱት፣ በግድ አትንቀሉ፣ እስኪድን ከጭቃ ይራቅ። ሰኮናው ሥር ጥቁርና የሚሸት ነገር ካለ መበስበስ ጀምሯል፤ አጽዱት፣ ደረቅ ወለል ላይ ይደር። ኮርቻና ልጓም በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይና እሳት ቆዳውን ያሰነጥቃሉ።

ከዝናብ በኋላ በየመንገዱ የሚያድገውን ቅንጨ አረም፣ በአካባቢው ፈረምሲሳ የሚባለውን፣ እንዳይግጥ ተጠንቀቁ።

ከሁሉ የሚከፋው በደቃቅ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው፤ የሚበረታውም ዝናቡን ተከትሎ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይከተብ፣ ከተከተበም በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይዝለል። ዝንቦቹ ከምሽት እስከ ንጋት ስለሚነክሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ በረት ግቡ፤ ሐረር ላይ ለጅቡም ሲባል በሩ ይዘጋ። በየጠዋቱ ሙቀቱን ለኩ። 38.5 ካለፈ ልምምድ የለም። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ካበጠ፣ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ ሳትዘገዩ ሐኪም ጥሩ፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። እስከዚያው ፈረሱን በጥላ ሥር አቁሙት፣ ውሃ ከፊቱ ይኑር፣ አንድ እርምጃም ቢሆን አታስኪዱት።